በዝናብ የጮኸች ፀሐይ

ሰው ሬድዮ ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን መርፌዋን ነው፤ ጣቢያ የምታመለክተውን መርፌ። በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ሱቄ የገባች ሬድዮ ሁሉ መርፌዋ አንድ ቦታ ላይ ነበር የምትቆመው፤ የመንግሥት ጣቢያ ላይ። ወላሂ፣ አንዲት እንኳ ዝንፍ አትልም። ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚያዳምጡት ሌላ፣ ይዘውልኝ የሚመጡት ሌላ። አንዱ የጅማ መርካቶ እህል ነጋዴ እንዲያውም ክሯ የተበጠሰ ሬድዮ አመጣልኝ። ክሯ ከተበጠሰ መርፌዋ ቁልፉን ቢያዞሩትም ንቅንቅ አትልም። ሰውዬው ታዲያ ሽፋኗን ፈቶ፣ በጣቱ ገፍቶ፣ መንግሥት ጣቢያ ላይ አቁሟታል። የጣቱ አሻራ አቧራው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ጅብሪል አልሳቅኩበትም፣ ንቄ ተውኩት።

ይህን ሁሉ ያመጣው መዝገብ ነው። ቀበሌው የሬድዮ ሠሪ ሁሉ መዝገብ ይያዝ ብሎ አዘዘ፤ የባለቤቱ ስም፣ የሬድዮዋ ዓይነት፣ ብልሽቱ፣ እና ስትመጣ መርፌዋ የት ላይ ቆማ እንደነበር። ጅማ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሬድዮ ሠሪ አልነበረም። ይህን ለጉራ አይደለም የምለው፤ ሌሎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሰካራም፣ ሌላው ደግሞ ቢሰክር ይሻለው የነበረ። እና መዝገቡ ከሁሉም በላይ የሚሞላው እኔ ዘንድ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በሠለጠነ እጄ «የመንግሥት ጣቢያ፣ የመንግሥት ጣቢያ» እያልኩ ስጽፍ ኖርኩ።

መዝገቡን የፈጠረው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሣህሉ ነው። ሣህሉ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ቡና ላኪ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ጀርባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆም። ጥቁሯን ፍሬ ልቀሚ፣ ወሬውን ተዪ፣ ቀና አትበዪ። አብዮቱ ሲመጣ መጋዘኑ ተወረሰ፣ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። ሣህሉ ታዲያ የትም አልሄደም። እዚያው መጋዘን፣ እዚያው ቦታ፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ቀረ፤ ከእግሩ ሥር መድረክ ብቻ አስገቡለት። ያኔ ሴቶቹን፣ አሁን እኛን። ሰዎች ይፈሩታል። እኔ ግን ስንቀው እንጂ ስፈራው ኖሬ አላውቅም፤ ቢያንስ ያኔ እንዲያ ነበር የሚመስለኝ።

አልዓዛር የመጣው በስድሳ አንዱ መጨረሻ፣ አይደለም፣ በሰባ አንዱ መጨረሻ ነው። ቀጭን የፊዚክስ መምህር፣ ከደቡብ የመጣ፣ ጫት የማይቅም፣ አረቄ የማይጠጣ። ጴንጤ ነው ይሉታል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ጴንጤ መባል ራሱ ግማሽ ክስ ነበር። ጣውላ ሳጥን ውስጥ የተገጣጠመ አንድ የሬድዮ አስቀያሚ ይዞ ገባ። ከሞቱ ሦስት ሬድዮዎች እቃ ለቅሞ ራሱ ሠርቶታል። ብየዳው ከማስጠላቱ የተነሳ አጎቴ በሬ የሚጠምድበት ገመድ ይሻላል። ሰደብኩት። ልጁ ስድቤን በጥሞና አዳመጠና የትኛው ብየዳ እንደሆነ በጣቴ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ምን ልትሰማበት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ፀሐይን አለ። ፀሐይ ድምፅ አላት እንዴ አልኩ። ከፀሐይ ላይ መግነጢስ ተጠማዝዞ ሲበጠስ የሬድዮ ማዕበል እንደምትረጭ፣ እኛ ሰማይ ቆሽሿል ብለን የምንሳደብበት ሹሹታ አንዳንዱ እሷ መሆኗን ነገረኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ሹሹታ ከሰው ሬድዮ ላጠፋ ስታገል የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ፀሐይ መሆኗን የነገረኝ የለም።

ልቡ ግን ፀሐይ ላይ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ የውጭ አገር አስተማሪው አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ አገሩ ሲመለስ የጥናት መጽሔቶች ጥሎለት ሄዶ ነበር። እዚያ ውስጥ ስለ ሁለት ኮከቦች አንብቧል። ገና ወጣቶች ናቸው፤ የእኛ ፀሐይ አጠገባቸው ባልቴት ናት። ተቀራርበው አንዱ ሌላውን ይዞራል፣ ሦስት ቀን ሊሞላ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲቀረው አንድ ዙር ይጨርሳሉ። እንዲያ ተያይዘው ስለሚሽከረከሩ ሆዳቸው ውስጥ ያለው የጋለ ጋዝ ኃይለኛ መግነጢስ ያመርታል። የአንዱ መግነጢስ ወጥቶ ከሌላው ጋር ይተበተባል። ይጠማዘዛል፣ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ተበጥሶ እንደገና ሲቀጠል ኤሌክትሮኖችን በብርሃን ፍጥነት ገደማ ይወረውራል፤ ያኔ የሚወጣው የሬድዮ ብልጭታ ከፀሐይ መቶ ሺህ ጊዜ ቢበልጥ ነው።

አዲስ ተጋቢዎች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተው ነዋ፣ አልኩት። ሳቀ። ታዲያ እነሱን በዚህ ሳጥን ልትሰማ ነው ስለው፣ አይሆንም፣ እጅግ ሩቅ ናቸው፣ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል አንቴና ያስፈልጋል አለ። እስከዚያው በፀሐይ እየተለማመደ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራውን ንጹሕ መዝገብ ለአንድ የውጭ አገር የትምህርት ተቋም ልኮ፣ ወደዚያ አንቴና የሚያደርሰውን ቦታ ሊለምን ነው ሐሳቡ። ሰው ለጨው ተሰልፎ በሚውልበት አገር ይህን ያስባል። ሞኝ መስሎኝ ነበር። ሞኙ ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጅማ ውስጥ የቡና መፈልፈያ ሞተሮች ጫጫታ ስለሚገባበት ቅዳሜና እሑድ ሽቦውንና ባትሪውን ተሸክሞ ወደ ደዶ ይወጣ ነበር። ከፍ ያለና ጸጥ ያለ ቦታ ስለሆነ። ሚስቱ ልያ ምሳውን ቋጥራ ትሰጠዋለች። ደብተሩ ሁለት ረድፍ አለው። በግራ በኩል ፀሐይ የጮኸችበት ቀንና ሰዓት። በቀኝ በኩል ደግሞ ከሁለቱ ኮከቦች አንዱ በሌላው ፊት የሚያልፍበት፣ በስሌት የተገኘ ቀንና ሰዓት፤ ገና ያልደረሰ፣ ለመጪው ዓመት ጭምር።

በሰባ ሁለት ሰኔ ላይ ብየዳውን ሁሉ እንደ አዲስ እንድሠራለት ሳጥኑን ተወልኝ። መዝገቡን ስከፍት፣ «መርፌዋን አይንኩብኝ ጋሽ ጅብሪል፣ ቦታዋ ይጠፋብኛል» አለኝ። መርፌዋ ምንም ጣቢያ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቆማለች። መንግሥት ጣቢያ ብዬ ብጽፍ ማን ያየኛል? አምስት ዓመት የዋሸ እጅ አንዴ ቢጨምር ምን ይለዋል? እኔ ግን «ከጣቢያ ውጪ» ብዬ ጻፍኩ፣ ያውም በትልቁ። ከዚያ ሁሉ ውሸታም መሐል አንድ እውነተኛ ሰው መዝገቤ ውስጥ ይኑር ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። እውነቱ ሣህሉን ላናድደው ብዬ ነው።

ተናደደ። ሐምሌ ላይ፣ ሳጥኑ ተሠርቶ ከተመለሰ በኋላ፣ መዝገቡን ሲያገላብጥ እዚያች መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። በማግስቱ የአልዓዛርን ቤት ፈተሹ፣ ሳጥኑንና ደብተሩን ወሰዱ፣ እሱንም ቀበሌው ማጎሪያ ውስጥ ከተቱት። ደብተሩ ላይ በግራ ያለው አልገባቸውም። በቀኝ ያለው ግን ገባን አሉ። ሰው የመጪውን ዓመት ሰዓት አስቀድሞ የሚጽፈው ቀጠሮ ቢኖረው ነው። ይባስ ብሎ አንዱ ቀጠሮ መስከረም ሁለት ቀን ላይ ዋለ፣ የአብዮት በዓል ዕለት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ሰልፉ በሚያልፍበት ሰዓት። እንግዲህ ሦስት ቀን ሊሞላ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲቀረው የሚዞር ኮከብ ዞሮ ዞሮ የሆነ በዓል ላይ መዋሉ አይቀርም። ይህን ለሣህሉ ማስረዳት ለቡና ጆንያ ማስረዳት ነው፤ ጆንያው ቢያንስ ዝም ይላል።

ኮሚቴው ተሰብስቦ አንድ ብልሃት አገኘ። ደብተሩ ላይ ከበዓሉ ቀድሞ የሚውል፣ ሰዓቱም አምስት የሆነ ሌላ ቀን አለ፤ ነሐሴ አሥራ ሰባት። በዚያ ቀን ሳጥኑ በሕዝብ ፊት አዳራሽ ውስጥ ይከፈት። ዝም ካለ ውዳቂ ቆርቆሮ ነው፣ መምህሩም የሚቃዥ ቂል ነው፤ ግለሂስ አድርጎ ይለቀቅ። ድምፅ ካወጣ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ሰው አለ ማለት ነው፣ ወደ ላይ ይተላለፍ። ወደ ላይ መተላለፍ ምን እንደሆነ ጅማ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። ሳጥኑን የሚከፍተው ባለሙያ ማን ይሁን ተባለ። ጓድ ጅብሪል።

ልያ ሱቄ መጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ግን አላለቀሰችም። አልዓዛር ከማጎሪያው በምግብ ዕቃ መልእክት ልኮላት ነው የመጣችው፤ ፀሐይ ዘንድሮ ትልልቅ ጥቁር ነጥብ አውጥታለች፣ እስከታሰረበት ቀን ድረስ በየሳምንቱ ስትጮህ ከርማለች፣ ያን ቀንም መጮኋ አይቀርም ብሏል። ዝም አስብሉልኝ ማለት ግን አልቻለበትም። እሷ ናት ያለችው። «ማሎ ጋሽ ጅብሪል፣ እባክዎ ይችን ሳጥን ለአንድ ሰዓት ብቻ ይግደሉልኝ።»

ከዚህ የቀለለ ሥራ በሕይወቴ ታዝዤ አላውቅም። ከአንቴናው የሚመጣውን ሽቦ ከመሰኪያው ግማሽ ጣት ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው። ከፊት ለሚያየው የተሰካ ይመስላል፣ ውስጥ ግን አልነካም። ልጄ በአላህ እምላለሁ ይፈታልሻል አልኳት። ምያለሁ እንግዲህ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያወርደው ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ያለው ጩኸት ለብቻው ነው፤ ግድግዳው ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የደረቅ ቡና ሽታ አልለቀቀውም። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፣ እርጥብ ለእርጥብ ተጠባብቆ ቆሟል። አልዓዛር በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሐል ተቀምጧል፣ ጢሙ አድጓል። ሽቦውን በመስኮት አውጥቼ ከውጭ ካለው አንቴና ጋር አያያዝኩ፣ ወዲህ ደግሞ ያቺን ግማሽ ጣት ሳብ አደረግኩ። ሣህሉ ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ሲሆን ክፈት አለኝ።

ከፈትኩ። ዝም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ፣ ትንሽ እንደ ትንኝ አለና ዝም። አልዓዛር ግንባሩን ቋጥሮ ሳጥኑን ሲያየው፣ ሲያየው፣ ከዚያ እኔን አየኝና ገባው። አንገቱን ደፋ። ደስ አላለውም። ሊፈታ ነው፣ ግን ደስ አላለውም።

ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሣህሉ መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ እፍረቱን የሚያራግፍበት ሰው ፈለገ። ጓዶች፣ አያችሁ አይደል አለ። ይህ መምህር ሰላይ አይደለም፤ ሰላይ ለመሆንም ጭንቅላት ይጠይቃል። በሚቀጥለው እሑድ ግለሂስ አድርጎ ይለቀቃል። ሕዝቡ እፎይ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ልያ ከሴቶቹ መሐል እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አለቀ። ሳጥኑን ዘግቼ ወደ ቤቴ መሄድ ነው የቀረኝ።

ሣህሉ ግን መድረክ ላይ የወጣ ሰው ነው፣ በቃኝ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረ። ከመምህሩ ይልቅ የገረመኝ ይህ የሄርማታው መሐንዲስ ነው አለ። ይህን ውዳቂ ለወራት ሲጠግን ከርሞ ድምፅ እንኳ ማስወጣት ያልቻለ። እኛ ሬድዮዎቻችንን ለማን ነው ስናስረክብ የኖርነው? ሰው ሳቀ። ከመዳን በኋላ የሚመጣ ሳቅ ታውቁታላችሁ፣ ምክንያት አይፈልግም። ሣህሉ ሳቁን ሲያገኝ ጨመረ። ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብሎ ብየዳዬን፣ የእኔን ብየዳ፣ በዚያ ቡና ብቻ በሚያውቅ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «የቡና ለቃሚዎቼ እጅ ከዚህ ይሻል ነበር» አለ።

እህል ነጋዴው ሳይቀር ሳቀ። ያ መርፌ ገፊ።

እጄን ምን እንደነካው እስከ ዛሬ እላለሁ፤ ምንም አልነካውም፣ የራሴ እጅ ነው። አልዓዛርን አላሰብኩም፣ ልያን አላሰብኩም፣ የማልኩትን አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ የምንቀው ሰው እኔን አላዋቂ እያለ ሊሄድ አይችልም። ሽቦውን ግማሽ ጣት ገፋሁት።

መጣች። መብረቅ አይደለም፤ መብረቅ ጠሽ ብሎ ያልፋል። ይህ ከሩቅ ተነስቶ እያበጠ የሚመጣ ነው፣ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ከጆንያ ቆርቆሮ ላይ ሲዘረገፍ እንደሚያሰማው። ያብጥና ይወርዳል፣ ደግሞ ያብጣል። ዝናቡን ዋጠው። ወላሂ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሬድዮ ሁሉ እንዲያ ጥርት ያለ ድምፅ የወጣበት የለም። ደረቴን ነፋሁ። አዎ፣ በዚያች ሰዓት ሣህሉን እያየሁ ደረቴን ነፋሁ።

አልዓዛር ብድግ አለ። ጠባቂዎቹን ረሳቸው፣ ክሱን ረሳው። ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። «ፀሐይ ናት!» አለ። «ስሟት፣ ይህች እኮ ፀሐይ ናት!»

ሣህሉ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ጨለማ አድርጎታል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው መስጊድ እንኳ አይታይም። የቱ ጋ ናት ፀሐይ፣ ለሕዝቡ አሳያቸው አለው። አልዓዛር የሬድዮ ማዕበል ደመና እንደማያግደው ማስረዳት ጀመረ። መግነጢስ እያለ፣ ኤሌክትሮን እያለ፣ በእጁ እየጠማዘዘ እያሳየ። የሳቀ የለም። ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ነገር አለ፣ ፀሐይ የለችም፤ በጆሮው የሰማው ነገር አለ፣ በቀጠሮው ሰዓት ከሆነ ቦታ የመጣ ድምፅ። ሣህሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጓድ ጅብሪል፣ እንደ ባለሙያ ተናገር፣ ይህ የፀሐይ ድምፅ ነው ወይ አለኝ።

ነው ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አንድ ነው፣ አጭር ነው። ሣህሉን አልፈራውም ስል የኖርኩ ሰው ዓይኔን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። እኔ ሬድዮ ነው የምሠራው፣ ስለ ፀሐይ አላውቅም አልኩ።

በዚያው ከሰዓት ጂፕ መጥቶ ወሰደው። እስከ ጥቅምት እዚሁ ጅማ ወህኒ ቤት ነበር፣ ልያ ምግብ ታመላልስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የምግብ ዕቃውን ሳይከፍቱ መለሱላት። ተዛውሯል አሏት። ወዴት እንደሆነ የነገራት ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ኅዳር ላይ ሱቄ መጣች። የቤታቸውን ትንሽዬ ሬድዮ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ምን ሆነች አልኳት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ሽቦውን መልሰው የሰኩት እርስዎ ነዎት?»

ሃያ ዓመት የሰው ሬድዮ ውስጥ ገብቼ የሰው ውሸት ስንቅ የኖርኩ ነኝ። መልሱ ጠረጴዛው ላይ ከእሷ ሬድዮ አጠገብ የተቀመጠ ያህል ቅርብ ነበር። በራሱ ነው የነካው፣ ዝናቡ ሽቦውን ስቦት ይሆናል አልኳት።

አየችኝ። ሳትሰድበኝ፣ ሳትረግመኝ፣ እንዲያው አየችኝ። ያን ዓይነት አስተያየት አውቀዋለሁ፣ የእኔ ነው፤ መርፌ ገፊውን ነጋዴ ያየሁት እንደዚያ ነው።

ሬድዮዋን ከፈትኳት። ምንም አልሆነችም፣ ደህና ትሠራለች። አልተበላሸችም እኮ አልኳት። አውቃለሁ አለች። ሰኞ ቤቷን ሊያስለቅቋት ኮሚቴው ሊመክር ነው፤ እዚህ ቤት ምን እንደሚደመጥ መዝገብ ላይ ይታይልኝ ብላ ነው የመጣችው። ያኔ ነው መርፌዋን ያየሁት። መንግሥት ጣቢያ ላይ ናት፣ ልክ መሐሉ ላይ።

መዝገቡን ከፈትኩ። ስሟን ጻፍኩ፣ የሬድዮዋን ዓይነት ጻፍኩ። በመጨረሻው ረድፍ፣ በሠለጠነ እጄ፣ «የመንግሥት ጣቢያ» ብዬ ጻፍኩላት፤ እሷም እስክጨርስ ድረስ ቆማ እጄን ስታይ ቆየች።